ከመቀመጫው ስር የተገኘው የዘጠኝ ቁጥር ምልክት

ረቡዕ፣ የካቲት 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለምወድህ የበኩር ልጄ፤

ጤናህን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምህም ለጊዜው ደህና ነው። ደብዳቤውን የጎረቤታችን ልጅ በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፤ እንደደረሰህ አንብበው።

ወንድምህ ነገ ጠዋት የሚነዳው ያንተ መኪና ትናንት ተጭኖ ግቢያችን ገብቷል። "ያገለገለ የቤት ዕቃ ነው፣ እማዬ" አለኝ ወንድምህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት ሰነድ ስሞላ የኖርኩ ሴት ነኝና ጎማዎቹን አየሁ። ወንበርና ጠረጴዛ ጎማ እንዲህ አያስተኛም። በተሳቢው ጎን ላይ ደግሞ ምልክት የተነቀለበት ንጹህ ቦታ አየሁ። ጥቁር መስመርና ዘጠኝ ቁጥር ያለበትን የአደገኛ ጭነት ምልክት ከሹፌሩ መቀመጫ ስር ተጣጥፎ አገኘሁት። ያ ምልክት ለጌጥ አይለጠፍም፤ እሳት ቢነሳ ሊያጠፋ የሚመጣው ሰው ምን እንደገጠመው የሚያውቀው በእሱ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጫኞቹን አለቃ ነው። አስጠርቼ ሸራውን እንዲገልጥ አዘዝኩት። እየሳቀ ገለጠው፤ ካርቶኑ ሁሉ አሮጌ ባትሪ ነው።

"እማማ፣ ይሄ እኮ በእርስዎም ስልክ ውስጥ አለ! ኪስዎ ይዘውት አይደል የሚዞሩት?"

"ኪሴ ውስጥ ያለው አላበጠም" አልኩት።

ግማሾቹ ተነፍተዋል። ጫፋቸው ሳይሸፈን እርስ በርስ ተደራርበዋል። ፀሐይ ያልነካውን የታችኛውን ካርቶን በእጄ ጀርባ ብነካው ይሞቃል። አለቃውንም እጁን ይዤ አስነካሁት። ሳቁ ጠፋ።

"እኔ የታዘዝኩትን ነው የጫንኩት።"

ማን እንዳዘዘው ስጠይቀው "ልጅዎን ይጠይቁ" ብሎ ከተሳቢው ወረደ።

ቀጥሎ ወንድምህን ያዝኩት።

"አንተ ልጅ፣ ምልክቱን ማን ነቀለው?"

"እኔ። ኬላ ላይ እንዳያስቆሙን ተብሎ ነው።"

"ማነው ያለህ?"

"ተይው በቃ፣ እማዬ።"

ወንድምህ ውሸት አይሆንለትም። እኔም ሰነዱን ተቀብዬው መነጽሬን አደረግሁ። በስልክ በፎቶ ተልኮ የታተመ ወረቀት ነው። "ያገለገለ የቤት ዕቃ" የሚለው ግን በእጅ ተጽፏል፤ ፊደሉ መስመር አይለቅም፣ ያምራል። እንዲህ አድርጎ መጻፍን ጣቶቹን ይዤ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መኪናውን ከቤቱ አርቀን ሜዳው ላይ አቁመነዋል፤ ሰው እንዳይጠጋው አድርጌአለሁ። ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ነው። ለእሳት አደጋ ደውያለሁ፤ እየመጡ ነው። ጭነቱ የማን እንደሆነ፣ ሰነዱን ማን እንደሞላው ይጠይቁኛል። ዋሽቼ እንደማላውቅ ታውቃለህ።

ወንድምህ ጓዳ ገብቶ ንጹህ ሸሚዝ እየለበሰ ነው። "ሁሉንም ያደረግሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ" ብሎኛል። እነሱ ሳይደርሱ ስልኬ ይጥራ፤ ሰነዱን የሞላው ራሱ ይንገራቸው።

ፈጣሪ ልብህን ያራራው፤ እጅህንም ይባርክልኝ።

የሁለታችሁም እናት