ከቄሣሩ ራስ በላይ ያለው መስመር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ምላሷ እንደተሳለ አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ ስለ ጤናህ ስጠይቅህ ትስቅብኝ ይሆናል። ሳቅ፣ ይገባኛል።

የምጽፍልህ ስለ ሳንቲሙ ነው።

ባለፈው ሰኞ እማዬ ሙዚየሙ ድረስ፣ እኔ የምሠራበት የሳንቲም ክፍል መጣች። ያንን የሮማ ወርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገችው፤ ሸጠህ በምትኩ ወርቅ የተቀባ ነሐስ አስቀመጥክ ተብለህ ከቤት የወጣህበትን። ቀጥላ ከክብሪት ሳጥን ውስጥ ትንሽ የወርቅ ማንጠልጠያ አወጣች። ሐሰትም ይሁን እውነት ለልጅህ አንገት ልትልከው ነውና እንዳስበይድላት አዘዘችኝ። ሳንቲሙን አንገቷ ላይ ታስረው በነበረ ጊዜ፣ ማንጠልጠያው አንተን ስታጠባ ጉንጭህን እየቧጠጠ ስላስቸገራት፣ ወርቅ ሠሪ ነቅሎ ጠርዙን ሞርዶላት ነበር አሉ። እኔ አላውቅም ነበር።

የሮማ ወርቅ በመዶሻ ተመትቶ እንጂ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ አይሠራም። ጠርዙ ላይ የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር ከታየ አስመስለው የሠሩት ነው። ያኔ አጉሊ መነጽሬን ይዤ ይኸው መስመሩ ያልኩት ሳንቲሙ ላይ ከተቀረጸው የቄሣሩ ራስ በላይ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ነው። ማንጠልጠያውን እዚያ ላይ አስጠጋሁት። ልክክ አለ፤ መስመሩ ማንጠልጠያው ተነቅሎ የተሞረደበት ጠባሳ ነበር።

ሳንቲሙ የእማዬ ሳንቲም ነው። አልነካኸውም።

እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት፣ ማን ጠየቀኝ አለችኝ። ወርቄን አውቀዋለሁ እያለች ስትጮህ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔው ነኝ።

ያኔ ሳንቲሙን መርምሬ የጻፍኩትን የምርመራ ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ከፊቱ «ሐሰተኛ» የሚለውን ሰርዤ ፈርሜበታለሁ። ጀርባውን አልነካሁትም። እማዬ ሳንቲሙን ለትንሹ ልጄ አወርሳለሁ ባለች በሦስተኛው ቀን፣ በገዛ እጄ የመዘንኩት ክብደት ተጽፎበታል፤ ሰባት ነጥብ ሦስት ግራም። በዚያ መጠን ያለ ነሐስ አራት ግራም እንኳ አይሞላም። ይህን የእኛ ሙያ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። እኔ ያኔ በሙያው ስድስተኛ ዓመቴ ነበር።

እማዬን መጥተህ እያት። የምትመጣበትን ቀን ለእሷ ብቻ ንገራት፤ እኔ ቤት አልገኝም።

ልጅህ ትደግልህ። ጤና አይጉደልባችሁ።

ታላቅህ