የውዴ ከረጢት

ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ኻርቱም ላለኸው ወንድሜ ለታምሬ። ሰላምታዬ እንደ ገዳሪፍ ማሽላ የበዛ ይሁን። እኔም ልጆቼም መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን።

ዘንድሮ እህትህን ብታያት ትኮራባት ነበር። ከአጨዳው ያገኘሁትን ማሽላ በጎታ ሞልቼ አፉን በጭቃ መርጌዋለሁ። ድርቆሹም ደርሷል። አምና በደንብ ሳይደርቅ ከትቼው ሻግቶብኝ የጎረቤት መሳቂያ ሆኜ ነበር። አሁን እነዚያው የሳቁት ሴቶች «ሣህሊቱ፣ እስቲ አሳይን» እያሉ ደጅ ይጠኑኛል። እኔም «ሲሰበር ቀጭ ካላለ እንዳትከቱት» እላቸዋለሁ።

ድርቆሹን ግን አንድ ላይ አላስቀመጥኩትም። ለልጆቹ ለየብቻ ከረጢት ሰፍቼ ከበሶ ጋር አካፈልኳቸው። ትንሿ ውዴ እንኳ የራሷን አዝላ ሰፈሩን ስትዞር ብታያት! በሐምዳይት ድንበሩን የተሻገርን ጊዜ ስንቁ ሁሉ እኔ ጀርባ ላይ፣ ልጆቹ ደግሞ ሌላ መኪና ላይ እንደነበሩ ታስታውሳለህ።

በየከረጢቱ ላይ ያንተን ስምና የሰፈርህን ስም በቀይ ክር ጠልፌበታለሁ። ዐረብኛውን ባለሱቁ ጻፈልኝ፣ እኔ በላዩ ሄድኩበት። ከቀሚስ ጥልፍ አያንስም! ውዴም «አጎትሽ ማን ነው? የትስ ነው ያለው?» ስላት አንድም ሳትሳሳት ትመልሳለች።

ሰው ብዙ ያወራል፤ አንተ አትስማ፣ እዚህ ሰላም ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሰላም ይሉሃል፤ እግዜር ደግ ደጉን ያሰማን።

ቤት የምትቀይር ከሆነ ግን አደራህን፣ የአዲሱን ሰፈር ስም አስቀድመህ ላክልኝ። ክሩን ፈትቼ እንደገና እጠልፈዋለሁ።

እህትህ ሣህሊቱ