የሚኒባሴን ትንፋሽ በሽቦና በቀይ ቀለም ላሸጉልኝ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ የኋላሸት
የ«ሐመረ ሰላም» ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ጠረጴዛዎ የጸና፣ ደረትዎ ንጹሕ አየር የማያጣ፣ ወንበርዎም ዳገት የማያይ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ መላክ ሲገባኝ በመናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ቀደም ሲል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተው ስለ ቀሩ፣ አራተኛው እንኳ ፀሐይ ይሙቅ ብዬ ነው።

እኔ ስማቸው እባላለሁ። ከደብረ ወርቅ ወረድ ብሎ ከሚገኘው ቀበሌያችን እስከ ከተማው ድረስ በአንዲት ያረጀች ሚኒባስ ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። በመንገዳችን ላይ «በቅሎ አስተኝ» የሚባል ዳገት አለ፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች በቅሏቸው ተኝታባቸው እንጂ ቅኔ አምሯቸው አይደለም። ወደ ቀበሌያችን የሚወርድ መኪና አይጠፋም፤ የሚወጣ ነው የሚጠፋው። የእኔዋም እስከ ዓምና ድረስ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትቆም ስለ ነበር፣ ተሳፋሪዬ ተሳፍሮ የሚጀምረውን መንገድ ገፍቶ ነበር የሚጨርሰው።

መላ ያበጀልኝ መካኒኩ ወልደ ሩፋኤል ነው። ይህ ሰው ዲማ ገዳም ቅኔ ሲማር ቆይቶ በኋላ ወደ ጋራዥ የገባ በመሆኑ ሞተር የሚመረምረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ከወንበሩ ሥር ጆሮውን ደቅኖ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ሞተሯ አየር የምትስበው ከራሷ ትኩሳትና ከፊት ጎማዋ ከሚነሣው አቧራ መካከል መሆኑን፣ በእኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ መሆኑን አስረዳኝ። «መሪጌታ ደረቱ ካልሞላ ዜማው ከየት ይመጣል?» አለኝ። ከዚያም የፊልትሮውን ሳጥን በሰፊ ለወጠው፤ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ በጎን አውጥቶ እስከ ጣሪያው ድረስ ሰቀለው፤ ዝናብ እንዳይገባውም አፉን ወደ ኋላ አዞረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚኒባሴ ቀዝቃዛና ንጹሕ አየር እየሳበች፣ ሰው ሞልታ፣ በቅሎ አስተኝን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣው ጀመር።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብዎ ያለ ነገር አይደለም። ታናሽ እህቴ የኔአለም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የደም ግፊቷ ከፍ በማለቱ የጤና ኤክስቴንሽኗ ምጥ ሲጀምራት አንድ ሰዓት እንኳ ቤት እንዳትቆይ፣ በቀጥታ ሆስፒታል እንድትሄድ አስጠንቅቃታለች። ባሏ መሳፍንት ሲጨነቅ አይቼ፣ ዳገቱን የምትወጣ መኪና እያለችኝ ምን ያስጨንቅሃል ብዬ ቃል ገባሁለት። በጥቅምት ወር ለዓመታዊ ምርመራ ወደ ጣቢያዎ የመጣሁት ይህን ቃል ሰጥቼ ነበር። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ መርማሪዎ አቶ ይስማው ቱቦዋን ሁለት ጊዜ ዞረው ካዩ በኋላ የሬዲዮ አንቴና እንደሆነች በትሕትና ጠየቁኝ። የአየር መሳቢያ መሆኗን ስነግራቸው፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ እንዳልነበረች ገልጸው፣ ከፋብሪካው የፈቃድ ደብዳቤ እንዳመጣ አዘዙኝ። እውነታቸውን ነው፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም። ያን ጊዜ እኔም ገና አልተወለድኩም። በመስታወቷ ላይ የተለጠፈው የመድኃኔዓለም ሥዕልም ከፋብሪካ አልመጣም፤ እሱን ዝም ብለው ስላለፉት ግን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሁለተኛ፦ ፋብሪካው ባሕር ማዶ መሆኑን ባስረዳሁ ጊዜ ርኅሩኅ ልብዎ አዝኖ፣ በፋብሪካው ምትክ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ይበቃል አሉ። ሊቀ መንበራችን አቶ አካለ ወልድ ምን ብለው እንደሚጽፉ ግራ ገብቷቸው ሲያወጡ ሲያወርዱ ውለው፣ በመጨረሻ «ግለሰቡ በቀበሌያችን አየር አጠቃቀም ረገድ ምንም ዓይነት ቅሬታ ያልቀረበበት መሆኑን እናረጋግጣለን» ሲሉ ጻፉልኝ። ይህንንም ይዤ ስመጣ ማህተሙ ቲተሩን አልነካም ተብሎ ተመለሰ። ማህተሙ ቲተሩን ሲነካ ደግሞ ቀኑ አልፎበታል ተባልኩ። ትዕግሥት እንድማር ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ፤ ገዳም ገብቼ ከምማረው የእርስዎ ኮሪደር አሳጠረልኝ።

ሦስተኛ፦ ተራዬን ስጠብቅ የጣቢያዎን የአሠራር ጥራት ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ከፊቴ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ አበረ ነው። ጎማዎቹን ከሌላው ሾፌር ከእንዳላማው፣ የፊት መብራቱን ከአጎቱ ልጅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ከአንድ ክሊኒክ ዘበኛ ተውሶ ገብቶ፣ ምስጉን ሆኖ ወጣ። ከግቢዎ አጥር ጀርባም ቁጭ ብሎ የራሱን መላጣ ጎማዎች መልሶ አሰረ። ያቺ ቀይ እሳት ማጥፊያማ በዚያ ጠዋት ብቻ ሰባት መኪና አሳልፋለች፤ እኔ ስወጣ ስምንተኛው ውስጥ ተቀምጣ አየኋት። ለዚህ ሁሉ አገልግሎቷ የጡረታ መብቷ እንዲከበርላት በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ።

አራተኛ፦ ወደ ፋብሪካ ይዞታዋ ካልመለስካት ቦሎ የለም የሚለው ውሳኔዎ ሲደርሰኝ እንደ ታዛዥ ዜጋ ለመፈጸም ተነሣሁ። ነገር ግን የድሮውን የፊልትሮ ሳጥን ለጎረቤቴ ለሥራነሽ ሰጥቻት ነበርና ልቀበላት ብሄድ፣ ዶሮዋ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋበት አገኘኋት። ሥራነሽም ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ ሳጥኑን ከነካሁ ቦሎ ሳይሆን ጎረቤት እንደማጣ አስጠነቀቀችኝ። ስለዚህ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ከወደቀች የሞተች ሚኒባስ ላይ የታፈነ ቱቦና የተሰነጠቀ ሳጥን ለምኜ ተዋስኩ። ክቡር ሆይ፣ ሾፌር ሁሉ ለእርስዎ ምርመራ ጥሩ ዕቃ ሲዋስ፣ የተበላሸ ዕቃ ልዋስ ሦስት ቀን የዞርኩት በአገሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አምስተኛ፦ የተበላሸውን ገጥሜ ስመጣ በአንድ ጊዜ አለፍኩ። እኔም እንደ ማንኛውም ሾፌር ከአጥርዎ ጀርባ ቁጭ ብዬ ደህናውን ልመልስ አስቤ እንደ ነበር አልደብቅዎትም። ክቡርነትዎ ግን አሳቤን ቀድመው አውቀው፣ ከቢሮዎ በእግርዎ ወጥተው፣ ቱቦውን በሽቦ አስጠፍረው ቋጠሮውን ቀይ ቀለም አስቀቡት። ሽቦው ተነክቶ ቢገኝ ቦሎዬ እንደሚነጠቅም በፊርማዬ እንዳረጋግጥ አደረጉ። ለአበረ ጎማ ያልደረሰ ቀለም ለእኔ ቱቦ ስለ ደረሰ ክብር ተሰምቶኛል። ስለ እህቴ ሁኔታም በዚያው ቆሜ ነግሬዎት ነበር፤ «ያ የጤና ቢሮ ጉዳይ ነው» ብለው አቅጣጫ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠዋት የኔአለም ምጥ ያዛት። እሷን፣ ባሏንና እናታችንን ጭኜ ተነሣሁ። በቅሎ አስተኝ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ሚኒባሷ እንደ ድሮዋ ማሳል ጀመረች። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ቆመች። መሳፍንት ወርዶ ገፋ፤ እናቴ ወርዳ ገፋች። የኔአለም ከኋላ ሆና፣ «ወንድምዓለም፣ ይቺ መኪና ከእኔ ብሳ ልታምጥ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ወዲያው ዘወር ብዬ ፊቷን ሳይ ሳቄ ደረቀ።

ደግነቱ ከሚካኤል ንግሥ አድረው የሚመለሱ ስምንት ሰዎች ደረሱልን። ከአጥር እንጨት ነቅለው፣ በጋቢያቸው አስረው ቃሬዛ ሠሩና ተሸክመዋት ወጡ። እኔ፣ ዳገት አወጣሻለሁ ብዬ የፎከርኩት ወንድሟ፣ የቆመች መኪናዬን ትቼ ከኋላ ተከተልኳቸው። ዳገቱ አናት ላይ ወይዘሮ ሙላቷ የሚባሉ ሴት ቤት አለ። እዚያ ስንደርስ ሌላ እርምጃ አልተቻለም፤ በእሳቸው መደብ ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወይዘሮ ሙላቷ እትብቱን እየቋጠሩ፣ «አንተ፣ ዓምና ይህንን ዳገት እንደ ንብ ታወጣት አልነበረም? ምን ነካህ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልድ ያልቅብኛል። ደሟ አልቆም አለ። የእህል ጭነት መኪና አግኝተን ሆስፒታል ስናደርሳት ዓይኗ ተገልብጦ ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት፤ አንዱ የእኔ ነው። እህቴ ልትሞትብኝ ነበር፤ በአንድ ክንድ ቱቦና በአንድ ስንዝር ሽቦ ምክንያት ልትሞትብኝ ነበር። ዛሬ ተርፋለች፤ ሆኖም እስካሁን ደገፍ ሳያደርጓት አትቆምም።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከመለጠፉ በፊት ሽቦዎን በፒንሳ ቆርጬ፣ የወልደ ሩፋኤልን ቱቦ ወደ ጣሪያው መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እንዳይቸገሩም ቦሎዬን ከመስታወቱ በእጄ ልጬ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ለጥፌልዎታለሁ። የእርስዎን ይሁንታ እስካገኝ ተሳፋሪ አልጭንም፤ ወላድና ሕመምተኛ ግን አወጣለሁ። ትራፊክ ቢያስቆመኝ ለመቀጣት ዝግጁ ነኝ፤ ያለ ቦሎ መያዝ ያለ እህት ከመቅረት ይሻላል።

ለፍትሐዊ አሠራርዎ፣ ለማይዝሉት ማህተሞችዎና ለማያልቀው ቀይ ቀለምዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ የነበርኩት
ስማቸው፣ የደብረ ወርቅ መስመር ሾፌር

አባሪ፦ አንድ ቦሎ፣ አንድ ስንዝር ሽቦ
ግልባጭ፦ ለአቶ ይስማው፣ አንቴና ለሚፈልጉ

ማሳሰቢያ፦ የሕፃኑ ክርስትና በአርባ ቀኑ፣ በቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር፣ ልጁ የት እንደሚወለድ የወሰነለት ሰው ከክርስትና አባትነት ሊቀር አይገባም በሚል በአንድ ድምፅ እርስዎን መርጧል። ሲመጡ ቁልቁለት ስለሆነ ምንም ዓይነት መኪና ያደርስዎታል። ስለ መመለሻው ደግሞ እህቴን የተሸከሟት ስምንቱ ሰዎች በደስታ ተስማምተዋል፤ አስቀድመው ለማወቅ የጠየቁኝ ክብደትዎን ብቻ ነው።