ዘንዶው የየትኛው ወረዳ ነው?

ለከተማችን የፊልም ቀረጻ ፈቃድ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ደብረ ታቦር

«ያ የዘንዶ ፊልም የት ደረሰ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ባጃጅ ነጂ በከተማችን ስለሌለ፣ መልሱን የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ እነሆ በአደባባይ ጻፍኩልዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ማኅተምዎስ ደኅና ናት? ከመሳቢያ ወጥታ ስለማናያት አሟት ይሆን ብለን ሰግተናል።

እኔ አምና በሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ ሥራ ፈላጊ ከምባል ፊልም ሠሪ ልባል ያልኩ ልጅዎ ነኝ። ዩታ፣ አሜሪካ የሚኖሩ አንድ የሞርሞን እምነት ተከታይ ደራሲ የጻፉትን የምናብ ልቦለድ፣ ዘንዶውን ጉና ተራራ ላይ አኑሬ ፊልም ላድርገው ብዬ ብጠይቃቸው፣ በሳምንቱ «በደስታ፤ ግን ለዘንድሮ ብቻ» ብለው ፈቀዱልኝ። የዩታው ፈቃድ በሳምንት ሲደርስ፣ ከመናኸሪያ በእግር ከሚደረሰው ቢሮዎ የሚጠበቀው ግን አሁንም መንገድ ላይ ነው። ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩. ደራሲው ሞርሞን መሆናቸውን እንደሰሙ «በከተማችን ካለው የእምነቱ ተወካይ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ» ስላሉኝ፣ ከገበያው እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ዞሬ እንዲህ ያለ ሰው የለም ስልዎም «እንግዲያው እስኪመጣ ጠብቂያ!» ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ።

፪. ሞርሞኖች መጠጥ እንደማይቀምሱ አንብበው፣ ለደራሲው ክብር ሲባል በሠርጉ ትዕይንት ያለው ጠላ በብርዝ እንዲተካ አዘዋል። ይህንኑ ለደራሲው ብጽፍላቸው «የማልጠጣው እኔ ነኝ፤ ገጸ ባሕርያቴን ማን ከለከላቸው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሙስሊም ነኝ፣ ጠላ ባፌ አይዞርም፤ ሞቅ ያለው ሠርገኛ ሲፎክር መጻፍ ግን አላቃተኝም።

፫. «ዘንዶው የየትኛው ወረዳ ነው? ወረዳው ቅር እንዳይለው ከዞኑ ውጭ የመጣ ይሁን» ማለትዎ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ልብስ ሰፊው ኢልያስ ከማዳበሪያ ጆንያ የዘንዶውን ቆዳ ሰፍቶ ጨርሷል፤ መታወቂያ መስፋት ግን አልቻለም።

ካሜራ የሚይዘው አስናቀ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ሙስሊም፣ ደራሲው ሞርሞን ሆነን ሳለ፣ ሦስታችንም በየጸሎታችን የምናነሣው አንድ ስም የእርስዎ ነው። እንዲህ ያለ አንድነት ማን ሰጥቶን ያውቃል?

ጨዋታውን ልተወውና፣ አቶ ይሻው የተባሉ ገበሬ ጉና ግርጌ ያለውን የገብስ ማሳቸውን ለቀረጻ ሰጥተውን ነበር። ትናንት ሄጄ ጥቂት ይታገሡን ብላቸው «ልጄ፣ እኔ ብታገሥ ገብሱ ይታገሣል? እየረገፈ እኮ ነው። ሰኞ ለአጨዳው ወንፈል ጠርቻለሁ» አሉኝ። የፊልሙ ባለታሪክ ልጅ ከዘንዶው የምትደበቀው በቆመ ገብስ ውስጥ ነው፤ ከታጨደ በኋላ ቆማ እያያት የሚያልፋት ዘንዶ ከየት አመጣለሁ? ዓርብ ቢፈርሙልን ቅዳሜና እሑድ እንቀርጻለን። ካልሆነ፣ ገብሱ ዳግም እስኪደርስ የደራሲው ፈቃድ ስለሚያልቅ፣ ፊልሙ ቀረ ማለት ነው።

ወጣትነቷን በኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበር ላይ በክብር እያሳለፈች ያለች፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሣዎ፣
ነጅሚያ ነጂብ

የተረሳ ነገር፦ በፊልሙ ውስጥ ከከተማው በር ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ «ነገ ተመለስ» የሚል ዘበኛ አለ። ብዙ ሰው ፈትነንለት ሁሉም ትወና መሆኑ ያስታውቅበታል። ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ቢሉልን ለእርስዎ ልምምድ አያስፈልግም። ፈቃዱን ይዘው ከመጡ ግን ሚናው ስለማይሆንዎ፣ የቱን እንደመረጡ ቶሎ ይጻፉልኝ።