በደብረ ማርቆስ ወተቱ ከታች ነው

ወንድሜ አብዱልዋሂድ፣

እዚህ ቢቸሪን የሚሉት የጣሊያን መጠጥ አገኘሁልህ፤ ከታች ቸኮሌት፣ መሃል ቡና፣ ከላይ ወተት። ባለሆቴሏ ወይዘሮ ሙላቷ አስመራ ነው የለመዱት። በጾም ቀን ግን ወተቱን ከታች ያደርጉና ቡናውን ያለብሱታል፤ የከተማው ሹማምንትም ሳያማስሉ ይጠጣሉ። በኛ ደሴ የጾመም የበላም በግልጽ ነው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። እኛን እስላሞቹን መቼ ይመለከተናል ብዬ ወተቱን ከላይ አስደረግሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ዳኛ፣ «እንግዳ ብትሆንም ጾማችንን አክብርልን እንጂ» ብለው ስኒያቸውን እስከ ታች ጨለጡት። ጢማቸው ነጣ። ይቅርታ ጠይቄ መሐረቤን ሰጠኋቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ሀጀራን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ዳኛው ሌላ ስኒ ስላዘዙ መሐረቤን ገና አልመለሱልኝም።

ሙነወር