መጠጥ ለተዉ ሰዎች ቤታቸውን የከፈቱት ወይዘሮ ተሾመች ቸኮል

እህታችን ወይዘሮ ተሾመች ቸኮል ከአባታቸው ከአቶ ቸኮል ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለሚቱ በየነ ኅዳር 12 ቀን 1919 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአጥቢያው መሪጌታ ተማሩ። ሴት ልጅ ዳዊት ምን ያደርግላታል ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ አባታቸው ግን አልሰሟቸውም።

በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በ1940 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌሩ ከአቶ ገብረ መድኅን ጋር በተክሊል ተጋብተው ነፋስ ስልክ መኖር ጀመሩ፤ ልጃቸውን ሙሉመቤትንም ወለዱ። እሳቸው በአረቄ ንግድ፣ ባለቤታቸው በሾፌርነት ጥረው፣ በአስፋልቱ ዳር ግንብ ቤት፣ ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ ደግሞ ባለ አምስት ክፍል የጭቃ ቤት ሠሩ።

አረቄውን አቶ ገብረ መድኅንም ይጠጡት ነበር። እህታችን ይህን ሸሽገው አያውቁምና እኛም አንሸሽገውም። ባለቤታቸው በ1962 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ሲያርፉ ወይዘሮ ተሾመች ንግዱን አቆሙ፤ ጋኖቹንም የእህል ማስቀመጫ አደረጓቸው።

በዓመቱ የቀድሞ ደንበኛቸው ግንበኛው አቶ አብደላ ከሆስፒታል ወጥተው መጡ። «እትዬ፣ ሐኪሙ ተው ብሎኛል። የምኖረው ግን ከጠጪ ጓደኞቼ ጋር ነው፤ እዚያ ከተመለስኩ አልተውም» አሏቸው። እህታችንም «የጠጣኸው እኔ ቤት ነው፤ የምትተወውም እኔ ቤት ይሁን» ብለው ከጭቃው ቤት አንድ ክፍል ሰጧቸው። ወሬው ተሰምቶ ሌሎችም መጡ። ጠጥቶ የመጣ አይገባም፤ ስካሩ ሲለቀው ግን መመለስ ይችላል። ነዋሪዎቹ በደመወዝ ቀን ከየሥራቸው ተጠባብቀው አብረው ይመለሱ ነበር፤ በመንገዱ ያሉትን አረቄ ቤቶች ብቻውን የሚያልፍ አልነበረም። አንዱ በእግሩ ቆሞ ሲወጣ ክፍሉን ሌላው ይይዘዋል።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ እህታችን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ሁላችንም ግንቡን ይይዛሉ ስንል የጭቃውን መረጡ። ሙሉመቤት እያለቀሰች «እማዬ፣ ግንብ ቤት ትተሽ እዚህ ልትኖሪ ነው?» አለቻቸው። «ግንቡ የሚገባበት ሰው አያጣም። እነዚህን ዛሬ ብናስወጣቸው ግን ነገ የምናገኛቸው አረቄ ቤት ነው» አሏት።

ማከራየት ስለተከለከለና ሌላ ሰው ማኖር እንደ ኪራይ ስለሚታይ በጊዜው የነበሩትን ሰባት ነዋሪዎች በቀበሌ እንደ ቤተሰብ አስመዘገቡ። ጸሐፊው «አብደላ ከመቼ ጀምሮ ነው ልጅዎ የሆነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «መጠጥ ከተወ ጀምሮ» አሉት። ጸሐፊውም ስሙን ጻፈ።

ሁሉም ግን አልዳኑም። አናጺው ዳኜ አራት ጊዜ ወደ መጠጡ ሄዶ አራት ጊዜ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በአምስተኛው፣ በ1973 ዓ.ም.፣ መንገድ ላይ ሞቶ ተገኘ። እህታችን እንደ ወለዱት ልጅ አልቅሰው ቀበሩት። ሰልስቱ እንዳለፈ በእሱ ክፍል አዲስ ሰው አስገቡ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከሰባ በላይ ሰዎች በዚያ ቤት አልፈዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬ የሥራና የትዳር ሰዎች ናቸው፤ በመካከላችንም ቆመዋል።

በ1979 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ ልጃቸውና የቤቱ ሰዎች እየተፈራረቁ አስታመሟቸው። መጋቢት 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል፤ በጭቃው ቤት ያሉት ስምንቱ ሰዎችም ልጆቻቸው ናቸው። ሙሉመቤት ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር ወደዚያው ቤት ገብታለች፤ አቶ አብደላም አብረዋት ይሠራሉ። ቤቱ አይዘጋም።

ማረፊያ ላጡት ማረፊያ የሆኑትን እህታችንን እግዚአብሔር በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። አሜን።