አውራ ጣትና ትንሿ ጣት

አርብ ገበያ፣ ኅዳር 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለማትረሳው ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የባሕር ዳር ሙቀት አላከሳህም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬን ዳገት ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሜዳ ላይ ማንም አይቀድማት። አባባ ገብሱን አጭደው ከምረዋል፤ ዘንድሮ ውርጭ ስላልመታው ቁጣቸው ቀንሷል። እኔም ሳልከሳ ሳልወፍር አስተምራለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብላ ኖራ ዛሬ ምን አስለፈለፋት እንደምትል አውቃለሁ። ያስለፈለፈኝ የላክኸው ላፕቶፕ ነው።

ቄስ ተክለ ማርያም ዓይናቸውን ታክመው ከባሕር ዳር ሲመለሱ ቦርሳውን እቤት ድረስ አመጡልኝ። የነፍስ አባታችን አይደሉ፣ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ ነገሩኝ፦ ኮምፒውተር ከምትጠግንበት ሱቅ ደጃፍ ሲያልፉ እንዳወቅሃቸው፣ መስቀላቸውን እንደተሳለምህ፣ በነጋታው ቦርሳውን ይዘህ መጥተህ ለእህቴ ያድርሱልኝ ከማለት በቀር ቃል እንዳልጨመርህ። ስለ እጄ አልጠየቀም ወይ አልኋቸው። አልጠየቀም፣ እኔም አላነሣሁበትም አሉኝ። ቦርሳውን እስከ ስፌቱ ፈተሽሁት፤ ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለበትም። ተቀየምሁህ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድሁ። ቀኝ እጄ እንደ ልማዱ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው። በግራዬ ከፍቼ ከቁልፎቹ በታች ያለውን ታችፓድ ብነካው የስክሪኑ ቀስት ንቅንቅ አትልም። ጓደኛዬ ፍሬሕይወት እስቲ አምጪው ብላ በሌባ ጣቷ ዳሰሰችው፤ እምቢ። በሁለት ጣት ገጹን ልታንሸራትት ሞከረች፤ ጭራሽ። አውራ ጣቷ ሳታስበው ጥጉን ሲነካው ደግሞ ማንም ያልጠራው ዝርዝር ዱብ አለ። መምህራኑ ተሰበሰቡ፣ ሁሉም በየጣቱ ሞከረ፣ ሁሉም ተበላሽቷል አለ። ርእሰ መምህሩም በዚያው አንቺን አናስቸግርሽ፣ የፈተናውን ጽሕፈት ለሌላ እንስጠው አሉ። ይህን የሚሉት በደግነት ነው፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል። ወንድሜ የሱቁን ጥራጊ ላከልኝ ብዬ በልቤ ረገምሁህ። ይቅር በለኝ።

ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ከተማ ወጣሁና ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለቻላቸው ሰጠሁት። ቻላቸው ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ፓዱን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና ዕቃውስ አንደኛ ነው አለ፤ ለስላሳ ነው፣ ጣት አይዝም፤ እሱ ዘንድ የሚመጡት ብዙዎቹ ግን ትንሽ ላብ ሲነካቸው ቀስቷን እንደ ፌንጣ ያዘልሏታል። ጥፋቱ ከአሠራሩ ነው አለ። ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ተጭኖበታል፣ ያዘጋጀው ሰው ግን ሳይሰክር አልቀረም፤ ጠርጌ ዊንዶውስ ልጫንልሽ፣ በሦስት ጣት ወደ ላይ ስትገፊ የከፈትሽው ሁሉ ይዘረጋልሻል፣ በአራት ጣት ደግሞ እንዲህ ታደርጊያለሽ እያለ ይዘረዝርልኝ ጀመር። ሦስት ጣት! አራት ጣት! ኪሴ ውስጥ ያለውን መቼ አውቆ። እሺ ጥረገው አልሁት።

ፍላሽ ሊያመጣ ወደ ጎረቤት ወጣና ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀኝ እጄን አወጣሁና ፓዱ ላይ አሳረፍሁት። አውራ ጣቴን ሳንቀሳቅስ ቀስቷ ተከተለችኝ። በትንሿ ጣቴ የቀኝ ዳሩን ይዤ ወደ ታች ብስብ ገጹ ተንሸራቶ ወረደ። በአውራ ጣቴ የታችኛውን የግራ ጥግ ብነካ ዝርዝሩ ተከፈተ። የማይታጠፈው የቀለበት ጣቴ እንደተገተረ ከላይ በኩል አርፎ ነበር፤ ፓዱ ግን እንዳላየ አለፈው።

ቻላቸው ሲመለስ እያለቀስሁ አገኘኝ። እንዳትነካው አልሁት። እጄን አየ፤ እኔም አልደበቅሁትም። አጠገቤ ተቀመጠና ፓዱ የሚታዘዝበት ደንብ የተጻፈበትን ፋይል ከፍቶ ያስረዳኝ ጀመር። በዊንዶውስ ከተሰጠሽ ዝርዝር ውስጥ ትመርጫለሽ አለኝ፤ የአፕሉ ፓድ ከሁሉ ይበልጣል ይባላል፣ እሱም ቢሆን የታሰበው ጣቱ ለሞላ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ሰውየው ደንቡን ራሱ ጽፎታል። ቀስቷን የሚነዳት ሰፋ ብሎ የሚያርፍ አውራ ጣት ብቻ ይሁን። የፓዱ የላይኛው ክፍል አይስማ። ሁለት ጣት አንድ ላይ ቢመታው አይቁጠር። ትንሿ ጣት ዳሩን ትያዝ። ከየደንቡ አጠገብ የተጻፈበት ቀን አለ፤ የመጀመሪያው ሐምሌ 5 ቀን 2007 ይላል። ይህ ሰው ሁለት ጣቱን አጥፎ፣ ምናልባትም አስሮ እየሞከረ ነው የሠራው አለኝ። ሰክሯል ማለቱንም መልሶ ዋጠው።

ወንድም ጋሼ፣ እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። ያን ቀን ወፍጮ ቤት፣ እህል ልትመዝን ስትወጣ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ አጠገብ እንዳትደርሺ ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ሲዞር ሳየው ደስ አለኝና ነካሁት፤ ሁለት ጣቶቼን ቆረጠብኝ። አባባ ደሙን አይተው ሲጮሁ ፈራሁና ያዢ ብሎኝ ነው አልሁ። አንተ አላልኋትም አላልህም። ሰው በተሰበሰበበት ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም ሲሉህ እንኳ መሬት መሬት እያየህ ዝም አልህ። በሦስተኛው ቀን ሄድህ። እኔም በአንተ ዝምታ ተሸሽጌ አደግሁ። ልናገር ልናገር እያልሁ ሳድር ቀኑ በቀን ላይ ተደራረበና ከአፌ የማይወጣ ነገር ሆነ። በድዬሃለሁ። የጣቶቼ ቁስል ከዳነ ስንት ዘመኑ፤ ይኼኛው ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከንፋስ መውጫ እንደተመለስሁ ለአባባና ለእማዬ ሁሉን ነገርኋቸው። እማዬ አለቀሰች፤ ልቧ ዱሮም ይጠረጥር እንደነበር ነገረችኝ። አባባ ወደ አውድማው ወጡ። እኔ ተቀምጬ በሩን በሩን አያለሁ። ሲመለሱ እስቲ ያን ዕቃ አሳዪኝ አሉ። ከፍቼ ሰጠኋቸው። እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ጣታቸውን ቢያሳርፉበት ቀስቷ አልሰማቻቸውም፤ ጣታቸው ደርቆ ቆዳው ጠጥሯል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። በመጨረሻ የእኔን ጣት ደግሞ ንቆታል፣ መጥቶ ለእኔም እንዲሆን አድርጎ ያብጅልኝ ብለሽ ጻፊለት አሉ። አባባን ታውቃቸዋለህ፣ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከአፋቸው አይወጣም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በላክኸው ላፕቶፕ ነው። ግራዬ ፊደሉን ይለቅማል፣ ቀኜ ቀስቷን ይነዳል። የሰባተኛ ክፍልንም ፈተና ጽፌ አስረክቤያለሁ። ርእሰ መምህሩ ስሕተት ሲፈልጉ ዋሉና አንድ አገኙ፤ እሱም ራሳቸው በእጃቸው ጽፈው የሰጡኝ ነው። የሚቀጥለውንም እኔው እንድጽፍ ነግረውኛል። ጋውኔን አጥቤ ሳሰጣ የቀኝ ኪሱ ከግራው ይልቅ ተለጥጦ አየሁት። አሁን ጠመኔ አስቀምጥበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስትሄድ እጄ ገና በፋሻ እንደተጠቀለለ ነበር፤ የቱ ጣት ቀርቶ የቱ እንደሄደ አላየህም። የቀለበት ጣቴ እንደማይታጠፍ ደግሞ ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። እስከ ቻላቸው ሱቅ ድረስ ያን እጅ በሰው ፊት ያወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሰኔ 2007 መጨረሻ፣ ደብረ ታቦር ስመረቅ፣ ዲፕሎማውን በቀኜ የተቀበልሁ ዕለት። አዳራሹ ሁሉ ማጨብጨቡን ካቆመ በኋላ ከበሩ በኩል አንድ ሰው ብቻውን ያጨበጭብ ነበር። የማን ዘመድ ይሆን ብዬ ዞር ስል የሰው ብዛት ከለለኝ።

ምንም አልጠይቅህም። እማዬ ጥሬውን አስፈጭታ ለጥምቀት ድግሱን ጀምራለች፤ አባባም መንገድ መንገድ ያያሉ፣ ምን ያያሉ ሲሏቸው በሬ ጠፍቶኝ ነው ይላሉ። በሬዎቹ ሁለቱም በረት ውስጥ ናቸው።

እግርህን እንቅፋት አይንካው። ሁለት ጣት አጥፎ የደከመልኝን እጅህን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። በሰላም ያገናኘን። ስትመጣ ደግሞ፣ ወንድም ጋሼ፣ ከበሩ አትቁም፤ ግባ።

ቺንጋውን በገዛ እጇ የነካችው
ታናሽ እህትህ